ይቅር በያት

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ግን ሥራዬ ላይ ነኝ… ዛሬ ቁርስ ላይ ብቻ ስድስት መልእክት አድርሻለሁ። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ። አንድ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው።

እማዬ፦ «ሂዊ፣ አባትሽን በይው፣ የግቢው በር ማጠፊያው ተነቅሏል።»

አባዬ ይሰማል። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀርባል። ግን ዳቦውን እያኘከ እኔን ያየኛል። እስክነግረው ድረስ።

«አባዬ፣ የግቢው በር ማጠፊያው ተነቅሏል።»

«አይቼዋለሁ በያት።»

«አይቼዋለሁ ይላል።»

«አይቶስ ምን አደረገ በይው።»

«አይተህስ ምን አደረግክ ትላለች።»

«ሰው እየፈለግኩ ነው በያት።»

ባምላክ እንቁላሉን ትቶ አንገቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አሥር ዓመቱ፣ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም።

ሰባት ወር ሆነ። አቶ ጌታሰው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ መምህርት ሙሉብርሃን የሒሳብ አስተማሪ፣ ሁለቱም የተማሩ፣ እሷ እንዲያውም ማስተርስ ያላት… እና በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ ያወራሉ። አባዬ «ዜና ሳይ እንቅልፍ ወሰደኝ» እያለ ሳሎን ያድራል። ሰባት ወር ሙሉ ዜና። ይህን ያህል ያየ ሰው አገር መምራት ነበረበት።

የሥራ ሕጌ ይህ ነው፦ ሁለቱም ባሉበት ቃል በቃል። አንዱ ከሌለ ግን… ትርጉም ጥበብ ነው። ትናንት እማዬ «ሸሚዙን ወንበር ላይ የሚከምረው አጣቢ ቀጥሮ ነው ወይ በይው» አለችኝ። አባዬ ጋ ሲደርስ «ሸሚዝህን አምጣና ላጥብልህ ትላለች» ሆነ። አባዬ ተነሥቶ ራሱ አጠበው። እማዬ ገመዱ ላይ ሸሚዙን ስታይ «ምን ነካው?» አለች።

እኔ እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

እንዴት እንደተጀመረ ልጻፈው። አንድ ቀን ሦስታችንም ብንረሳው… እነሱማ አይረሱም።

ሰኔ ሚካኤል ነበር። የጽዋ ማኅበሩ ተራ የኛ። እማዬ የፈተና ወረቀት እያረመች ሦስት ቀን ስትደግስ ሰነበተች። ቤት ሙሉ ሰው። መሪጌታ ቢተው መቀመጫቸው ላይ ሆነው ድግሱን አመሰገኑ። መሪጌታ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ደብረ ኤልያስ አብረው ቅኔ ቆጥረዋል። አንዱ መሪጌታ ሆኑ፣ አንዱ መሬት አስተዳደር ገባ። አባዬ ደስ አለውና፦

«ሙሉማ ጨዋ ናት» አለ።

ጨዋ። ገበያ መሃል ብትጠይቅ ሥርዓት ያላት፣ ጥሩ አስተዳደግ ያላት ማለት ነው። ቤተ ክህነት ላደገ ሰው ግን ሌላም አለው፦ ጨዋ ማለት ያልተማረ። መሪጌታ ቢተው «ወርቁን አየነው ጌታሰው» ብለው ሳቁ። ካህናቱ ሳቁ። ያልገባቸውም ሳቁ። እማዬ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪውን አስቀመጠች። ጓዳ ገባች።

እንግዳው ሲወጣ አባዬ «ምን አጠፋሁ? ጨዋ ማለት ስድብ ነው እንዴ?» አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂዊ፣ አባትሽን በይው፣ ያልተማረ ሰው መልስ አይሰጥም።»

ሥራ የጀመርኩት በዚያች ደቂቃ ነው። ያለ ፈተና፣ ያለ ዋስ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ፓስፖርታቸው መጣ። ነገሩ የምር ሆነ።

መስከረም ላይ ነው፣ እማዬ የምትቆጥብበት ባንክ ዕጣ አወጣና ደረሳት። ለባልና ሚስት የአምስት ቀን ጉዞ፣ ዛንዚባር። ልጆች አይካተቱም። እማዬ ባንክ ሄዳ «ከእኅቴ ጋር ብሄድስ?» ብላ ጠየቀች። አብሬ ነበርኩ።

«ባልና ሚስት ነው የሚለው፣ መምህርት» አለ የባንኩ ልጅ።

«ባልና ሚስት መሆናችን በምን ይታወቃል?»

ልጁ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ የምሯን ነበር።

ለፓስፖርቱ የተነሡት ፎቶ ላይ ሁለቱም አኩርፈዋል። ደግነቱ የፓስፖርት ፎቶ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ አይታወቅባቸውም።

ሌላ ነገር አለ… ለማንም አልነገርኩም።

ቀይ እስክሪብቶ ስፈልግ የእማዬን የፈተና ወረቀት ክምር አነሣሁ። ከሥሩ ፎርም። የመምህራን ዝውውር መጠየቂያ። ከ፦ ደብረ ማርቆስ። ወደ፦ ባሕር ዳር። ምክንያት፦ የቤተሰብ ጉዳይ። ስሟ አለ። ፊርማዋ አለ። ቀን የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ከታች በትንሹ «እስከ የካቲት 15 ድረስ» ይላል።

እንደነበረ መለስኩት።

የቤተሰብ ጉዳይ… የትኛው ቤተሰብ? እኔና ባምላክ በየት በኩል ነን? ከሄደችስ በምን ልተረጉም ነው፣ በስልክ?

ሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ አንድ ነገር ሠራሁ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አላወቅኩም።

አባዬ ከቢሮ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም። ኮቱን ሳያወልቅ፦

«እናትሽ የት ናት?»

«ጓሮ።»

«ሂጂና ይቅር በያት።»

«ምኑ?»

«ጉዞው ነዋ። መዋኘት የማይችል ሰው ደሴት ላይ ምን ይሠራል? አምስት ቀን ሙሉ ከማን ጋር ላወራ ነው? በቃ፣ ይቅር በያት።»

ከሳሎን እስከ ጓሮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ብዙ ይታሰባል። ካልሄዱ እዚሁ ሳሎንና ጓዳ ተከፋፍለው የካቲት 15 ይመጣል። የካቲት 15 ከመጣ ፎርሙ ይሄዳል። የአባዬ ቃል ደግሞ እንዳለ አፌ ውስጥ ነው… ይቅር በያት። ይቅር በያት። እኔ ነኝ እንዴ ሁለት ፍቺ የሰጠሁት?

እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ይቅር ብሎሻል።»

እጇ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ይቅር ብሎሻል።»

«እሱ። እኔን።»

«እህ።»

«ምን አድርጌ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። እውነት ለመናገር ደስ ይላታል ብዬ ነበር… እንዴት ደስ ይላታል ብዬ እንዳሰብኩ ለእኔም አልገባኝም።

«እሄዳለሁ በይው» አለች እማዬ። ጎመኑን ወንፊቱ ላይ ጣለችው። «ያጠፋሁትን አንድ በአንድ ፊቴ ቆሞ እስኪነግረኝ ድረስ ዛንዚባር አይደለም ከዚያም ወዲያ እሄዳለሁ በይው።»

አሥራ ሁለት እርምጃ ተመለስኩ።

«እሄዳለሁ ብላለች።»

«በቃ? ሌላ ምን አለች?»

«ከዛንዚባር ወዲያም ቢሆን ከአንተ ጋር እሄዳለሁ።»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አደረገው።

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። ምን አደረግኩ?

ዓርብ፣ ጥር 23

እትዬ ማንጠግቦሽ ከአማኑኤል ከተማ መጡ። የአባዬ አክስት። እኛን ሊጠብቁ ነው። ለመንገደኞቹ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ፌስታል በሶ ይዘዋል። «ደሴት ላይ ምን እህል ይበቅላል» ይላሉ።

አባዬ ሻንጣው ውስጥ ጋቢ ከተተ።

«አባዬ፣ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ነው።»

«ጠዋትና ማታስ?»

ጠዋትና ማታ የማይበርድበት አገር አለ ብትለው የማርቆስ ሰው አያምንም።

እትዬ ስለ ኩርፊያው አልሰሙም። እራት ላይ ግን ታዘቡን። እማዬ በእኔ በኩል ስለ ቻርጀር ጠየቀች፣ አባዬ በእኔ በኩል መለሰ፣ እማዬ በእኔ በኩል ነቀፈች። እትዬ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩና፦

«ይቺ ልጅ እንዴት ያለች አፈኛ ናት። ወላጆቿን አንድ ቃል አታስተነፍስም።»

ባምላክ ብቻ ሳቀ፣ ውኃ አነቀው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሄዱ። ሚኒባሱ ላይ እማዬ ሁለተኛው ወንበር፣ አባዬ አራተኛው። መሃላቸው ዶሮ የታቀፈ ሰውዬ። እማዬ በመስኮት፦ «ሂዊ፣ አባትሽን በይው፣ ቲኬቱ የታለ?» ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። የመጨረሻውን መልእክት እየሮጥኩ ነው ያደረስኩት። «ደረት ኪሱ ነው ይላል።»

ባለ ዶሮው እንደ እብድ አየኝ።

እሑድ፣ ጥር 25

ሥራ የሌለበት ቀን። አፌ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ለባምላክ «እትዬን በላቸው ምሳ ደርሷል ወይ» ስል ራሴን ያዝኩት። እትዬ አጠገቤ ነበሩ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ደወሉ። ማለቴ አባዬ ደወለ። ሆቴሉ ዋይፋይ አለው።

«ደረሳችሁ? አገሩ እንዴት ነው?»

«ይሞቃል። ሂዊ፣ እናትሽን በያት፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ትክፈት።»

ቀስ ብሎ ነው የገባኝ።

«አባዬ… እማዬ የት ናት?»

«መታጠቢያ ቤት።»

«አንተስ?»

«በሩ ላይ።»

ለእማዬ ደወልኩ። ስልኩን ይዛው ገብታለች። «እማዬ፣ በሩን ክፈቺ ይላል።» «እየታጠብኩ ነው በይው።» ለአባዬ ደወልኩ። «እየታጠበች ነው።» «ይሰማኛል ውኃው» አለ።

ከዛንዚባር ማርቆስ፣ ከማርቆስ ዛንዚባር። ለአንድ በር።

አልጋው አንድ ነው። ሙሽሮች መስለዋቸው አበባ በትነውበታል፣ ከፎጣ ሁለት ዳክዬ ሠርተው አንገት ለአንገት አቆላልፈው መሃል ላይ አስቀምጠዋል። አባዬ አንዱን ዳክዬ ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት። ሌላው ብቻውን ቀረ።

እማዬን ጠየቅኳት፣ ያጠፋሽውን ነገረሽ ወይ ብዬ። «ገና አልጠየቅኩትም» አለች። «እንዴት አድርጌ እንደምጀምር…» ከዚያ፦ «ቆይ፣ አንቺ ብትጠይቂልኝስ?»

መስመሩ ተቋረጠ አልኳት። አልተቋረጠም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

አሥራ አንድ ጥሪ።

አባዬ ደስ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአገሩ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሉ ሁለት ሰዓት ነው። «የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው» ይላል። ምሳ ላይ ግን ስምንት እግር ያለው ነገር ቀረበለት።

«እናትሽን በያት፣ ይህ ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ እንዴት ይበላል?»

እማዬ፦ «አልበላ ካለ በሶውን ይበጥብጥ በይው።»

በጠበጠ። አስተናጋጁም ቀመሰ፣ ወደደው አሉ። ዛንዚባር ለአማኑኤል በሶ እጅ ሰጠች።

አባዬ የሚተኛው በረንዳ ወንበር ላይ ነው። ጋቢውን ለብሶ። እዚያ ዜና እንኳ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ዛሬ አልሳቅኩም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ምስር እየለቀሙ ነበር፣ እኔ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አስቀምጬዋለሁ። አባዬ ደወለ። ከኋላው ነፋስ ይሰማል።

«ሂዊ፣ እናትሽን በያት፣ ከባሕሩ ትውጣ። ማዕበል ሊነሣ ነው እያሉ ነው።»

«የት ናት?»

«እዚህ ፊቴ። ሃያ እርምጃ አይሆንም። እስከ ወገቧ ገብታለች።»

ለመዝጋት ጣቴን አነሣሁ። «እሺ፣ እደውልላታለሁ።»

«ስልኳ እኔ ጋ ነው።»

«ታዲያ በምን ልንገራት?»

ነፋስ ብቻ።

«አባዬ… ጥራት።»

«እ…»

«ሙሉ በላት። ጥራት እንጂ።»

ዘጋው። እትዬ ምስር መልቀም ትተዋል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ደወለ።

«ራሷ ወጣች» አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ጠራሃት?»

«ልጠራት ስል ወጣች።»

እትዬ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ሰባት ወር።»

«አንቺ ነሽ የምታመላልሺው?»

«አዎ።» እውነት ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ሰባት ወር ቀላል ነው?

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» አሉ እትዬ «እስከ ዛሬ ወይ ታርቀው ወይ ተፋተው ነበር።»

«ከሁለቱ የትኛውን?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ። ሰው የሚታረቀውም የሚፋታውም በገዛ አፉ ነው።»

እንደገና ምስራቸውን መልቀም ጀመሩ፣ የአየር ሁኔታ የተናገሩ ይመስል።

ወይ ታርቀው… ወይ ተፋተው። ይዣቸው የቆየሁ መስሎኝ ነበር። ያቆየኋቸው ግን እዚያው ላይ ነው፣ መሃል ላይ። ከዘጋሁት ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ልዝጋው?

በአሥር ሰዓት ስልኬን አጠፋሁት። ካልሲ ውስጥ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉን ለእትዬ ሰጠሁ። እጄን አላምነውም።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ባምላክ፦ «ስልክሽ ሞተ?» «ዕረፍት ላይ ነው።» «እነሱስ ምን ይሆናሉ?»

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ስልክ ጮኸ፣ ያቺ ቁልፏ ትልልቅ የሆነችው። ረጅም የውጭ ቁጥር። እትዬ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ነው የሚያወሩት፣ ሁሉንም ሰማሁት።

«እትዬ፣ ሂዊ ምን ሆነች? ስልኳ አይሠራም።»

«ጉሮሮዋን ታማለች። ድምፅ የሚባል የላትም።» ጾም እየጾሙ ነው እንዲህ የሚዋሹት… ዛሬ ሐሙስ ነው ለካ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከስልኩ ውስጥ፣ የእማዬ ድምፅ።

«ምን ሆነች አሉ?»

ለማን ነው የተናገረችው? እዚያ እኔ የለሁም። ባምላክ የለም። አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

«ጉሮሮዋን ነው» አለ አባዬ።

«ትኩሳት አላት?»

«ቆይ ልጠይቅ።»

ሰባት ወር። እና የተጀመረው በእኔ ጉሮሮ ነው። ዛሬ ሁለት ማንኪያ ማር በላሁ፣ ውሸቱ በከፊል እውነት እንዲሆን።

ዓርብ፣ ጥር 30

አልደወሉም። ለእትዬም አልደወሉም።

አላስቻለኝም፣ የእማዬን ወረቀቶች አየሁ። ፎርሙ የለም። ሁለቴ አገላበጥኩ። የለም። ይዛው ሄዳለች ማለት ነው። ዛንዚባር ድረስ ፎርም የሚይዝ ሰው ምን ሊያደርግበት ነው? ፊቱ ላይ ልታስቀምጥለት? ቀኑን እዚያ ልትሞላ?

እትዬን ጠየቅኳቸው፣ ቁልፉን ይስጡኝ ብዬ።

«ጠፋ» አሉ። በአንገታቸው ማተብ ላይ ታስሮ ይታየኛል።

እሑድ፣ የካቲት 2

መጡ። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ቆሜ አየኋቸው። ጠቁረዋል፣ አፍንጫቸው ተላልጧል። አባዬ ሁለቱንም ሻንጣ ይዟል።

«ያቺን ትንሿን ለእኔ ስጠኝ» አለች እማዬ።

«ተይው፣ አይከብድም።»

ቀጥታ። ፊት ለፊት። በማንም በኩል ሳይዞር። እግሬ ከመሬት ተነሣ። ሮጬ ሄድኩ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ።»

እማዬ ባምላክን ሳመች። አባዬ ባምላክን ሳመ። ከዚያ እማዬ ወደ ባምላክ ጎንበስ አለች።

«ባምላክ፣ እኅትህን በላት፣ እንኳን ደህና ቆየሽ።»

ባምላክ አየኝ። እኔ አየሁት።

«እንኳን ደህና ቆየሽ ትላለች» አለኝ።

አባዬ፦ «ጉሮሮዋ ተሻላት ወይ በላት።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክሱ ደረሰኝ። በባምላክ እጅ።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። ስልኬን ከዘጋሁ በኋላ እማዬ በገዛ አፏ ጠየቀች፦ «ምን አድርጌህ ነው ይቅር ያልከኝ?» አባዬ፦ «እኔ መቼ ይቅር አልኩሽ? ጉዞው ይቅር ነው ያልኩት።» «እኔማ ይቅር ብሎሻል ነው የተባልኩት።» «እኔ ደግሞ ከዛንዚባር ወዲያም ከአንተ ጋር እሄዳለሁ ብላለች ነው የተባልኩት።» «አላልኩም።» «ሸሚዝህን ላጥብ ብለሽ ነበር?» «እኔ?»

ከዚያ ተቀምጠው ሲያስታውሱ ዋሉ። ባሕር አለ፣ ዓሣ አለ፣ ዔሊ የሚታይበት ደሴት አለ… እነሱ የኔን ውሸት ሲለቅሙ ነበር። እማዬ ለባምላክ «እንደዚህ ስቄ አላውቅም» ብላዋለች። ባምላክ ነው የነገረኝ፣ ንገራት ሳይባል።

ወረቀቱ በአባዬ ጽሕፈት ነው። ሁለት ዓምድ። በግራ «ሰም»፣ እኔ ያደረስኩት። በቀኝ «ወርቅ»፣ እነሱ ያሉት። ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ተቆጥሯል። እማዬ በቀይ አርማዋለች፦ 0/23። ከሥሩ «ቅጣት፦ እስክትማር ድረስ በአስተርጓሚ።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ከ፦ ደብረ ማርቆስ። ወደ፦ ባሕር ዳር።

ጀርባው ላይ ነው የጻፉት። ቀን የሚለው አሁንም ባዶ ነው። ቆሜ ብዙ አየሁት። ባምላክ እጄን ነካ አደረገኝ።

«ሌላም መልእክት አለ። እማዬ፣ ያንን ወረቀት ትጠብቀው፣ ሌላ ቅጂ የለኝም ብላለች።» ከዚያ፦ «ምንድን ነው እሱ? ለምን ታለቅሻለሽ?»

ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ባምላክ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። የሰማውን እንዳለ ያደርሳል፣ አይቀንስ አይጨምር። አባዬን «ሂዊ እናንተ ራሳችሁ ሰባት ወር እንደ ሕፃን ስትሆኑ ማን ቀጣችሁ ትላለች» ብሎታል። አልኩ፣ ግን እንዲደርስ አይደለም። ትርጉም የሚባል ነገር አያውቅም።

ክፍላችን ረቡዕ ሳምንት ወደ ጮቄ ተራራ ጉዞ አለው። ፈቃድ ያስፈልጋል። በባምላክ በኩል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልስ፦ «ይታሰብበታል።»

ሳሎን ማንም አያድርም። ዜናም አይታይም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሚካኤል። ማኅበሩ መሪጌታ ቢተው ቤት ነበር። እኔም ከእማዬ ጎን ነበርኩ፣ በአስተርጓሚ እየተነጋገርን።

ጽዋው ሲዞር አባዬ ቆመ። አባዬ ማኅበር ላይ ቆሞ አያውቅም።

«መሪጌታ፣ ሰኔ ላይ እኔ ቤት ሙሉ ጨዋ ናት ብዬ ነበር።»

እማዬ ነጠላዋን አጠበቀች።

«ለምስጋና ነው ያልኩት። እናንተ በሌላ ፈታችሁት፣ ቅኔ ቤት ያሳደገው ሰው ነውና አይፈረድበትም። ግን ስትስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ትሪ ይዛ ቆማ እያየችኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለዚህ የዚያን ቀን እዚያ ቤት አንድ ጨዋ ነበረ። እሱም እኔ ነኝ።»

አብሮ ሳቀ… ለካ ይህ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ቃሉ መስሎኝ ነበር። እኔም ራሴ ስጽፈው የሳቁትን ስቆጥር አባዬን ዘልዬዋለሁ። የሁለት ሰው ቃል ሳመላልስ አንድም ቀን አልተነገረኝም። ምናልባት ለልጅ የማይላክ ነገር ስለሆነ።

መሪጌታ ቢተው ጢማቸውን ዳሰሱ። አፍረዋል፣ ግን የቅኔ ሰው ናቸው፣ አላስቻላቸውም።

«በየትኛው ፍቺ ነው ጨዋ የሆንከው?»

እማዬ ቀደመች።

«ሁለት መልስ ያለው ጥያቄም አለ፣ መሪጌታ። እኛ ሒሳብ ውስጥ ሁለቱንም ነው የምንጽፈው።»

ቤቱ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። እሷን አየ፣ እሷ ስትስቅ ነው የሳቀው።

አሁን ቤት ነን። ሁለቱ ጓሮ ናቸው፣ የግቢውን በር አውርደው፣ ማጠፊያው ዛሬ ይጠገናል ብለው። «ያዢው» «ይዤዋለሁ» «ወደ ግራ» «የማን ግራ?» ይሰማኛል። ባምላክን ላክሁት፦ በቃኝ፣ አጥፍቻለሁ፣ ተምሬያለሁ፣ ደግሞም የጮቄው ፈቃድ የመጨረሻ ቀን ነገ ነው በላቸው።

ተመልሶ መጣ።

«ምን አሉ?»

«ይቅር በላት አሉ።»

«ምኑ?»

«እ?»

«ጮቄው ነው ይቅር የተባለው ወይስ እኔ ነኝ ይቅር የተባልኩት?»

ባምላክ አሰበ። የእውነት አሰበ።

«እኔ ምን አውቄ። ይቅር በላት አሉኝ፣ አልኩሽ።»

ጓሮ ሁለቱም ፀጥ ብለዋል። መዶሻም አይሰማም። እየጠበቁ ናቸው።

ልሂድ እንግዲህ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው።